ለእማዬ የትኛው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይሻላል? ባለቤቴም እርጉዝ ናት

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። ዕድሜዋ 72 ነው፣ ስኳር አለባት። እስከ ፋሲካ እዚህ ሜሪላንድ ከእኛ ጋር ትቆያለች። ባለቤቴ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ልጃችን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ዘንድሮ መዋያ ጀምሮ በየሳምንቱ ንፍጡን እያዝረከረከ ይመጣል። የፍሉ መርፌ ተወግቶ አያውቅም።

ክትባቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይከላከላል ይባላል። ግማሽ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ለሽማግሌ ደግሞ ከዚያም ያንሳል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ራሴ አምና ተወግቼ በወሩ ጉንፋን ሦስት ቀን አስተኝቶኛል። እማዬ በበኩሏ «ዳማከሴና ዝንጅብል እያለ መርፌ ምን ሊያደርግልኝ» ብላለች። ኢንሹራንስም የላትም። ከኪሴ ላውጣ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ነርሷ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ «ጉንፋን» የሚለው ቃል ነው ያሳሳተህ። እኛ አፍንጫ ያፈሰሰውን ሁሉ ጉንፋን እንላለን። ክትባቱ የሚሠራው ግን ለኢንፍሉዌንዛ ብቻ ነው። ተራውን ጉንፋን የሚያመጡት ሌሎች ብዙ ቫይረሶች ናቸው፤ እነሱን አይነካቸውም። አምና ያስተኛህ የትኛው እንደሆነ ካልተመረመርክ አይታወቅም። መርፌው ራሱ ኢንፍሉዌንዛ ሊያሲዝህ አይችልም፤ ውስጡ ያለው የሞተ ቫይረስ ነው። ክንድህን ያምሃል፣ አንድ ሁለት ቀን ሊቆረጣጥምህ ይችላል፣ በቃ።

ቁጥሩን ደግሞ እንዲህ አስበው። ካልተከተቡ 100 ሰዎች 10ሩ በኢንፍሉዌንዛ ታመው ሐኪም ጋ ቢሄዱ፣ ከተከተቡት 100 የሚሄዱት ከ4 እስከ 6 ናቸው። ያውም ክትባቱና ቫይረሱ በተገጣጠሙበት ዓመት። ለዚህ አገር የብርድ ወራት የሚሆነውን ዝርያ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመርጠው በፌብሩዋሪ ነው። ቫይረሱ ከዚያ ወዲህ መልኩን ከቀየረ ግምቱ ይስታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ እንደዚያ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ 19 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሠራው። ኤች3ኤን2 የሚባለው ዝርያ በበዛበት ዓመት ክትባቱ ደከም ይላል። በሌላው ዝርያ፣ በኤች1ኤን1 ላይ ይሻላል።

መልስ፦ ፋርማሲስቱ
ስለ እናትህ የሰማኸው ልክ ነው። ሰው ሲያረጅ የሰውነቱ መከላከያም አብሮ ያረጃል፤ ለተራው መርፌ የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል። ስለዚህ እሳቸውን ተራው አይበቃቸውም። ተራው ለእያንዳንዱ የቫይረስ ዝርያ 15 ማይክሮግራም የቫይረሱ ፕሮቲን አለው። ፍሉዞን ሃይ ዶዝ የሚባለው፣ መጠኑ የበዛው ክትባት፣ 60 አለው፣ አራት እጥፍ። በ2014 የታተመ ከ30 ሺህ በላይ አረጋውያን የተሳተፉበት ጥናት አለ፤ ሃይ ዶዝ የወሰዱት ተራውን ከወሰዱት በ24 በመቶ ያነሰ ኢንፍሉዌንዛ ታይቶባቸዋል። ፍሉአድ የሚባለውም አለ፣ መከላከያን የሚቀሰቅስ ቅባት የተጨመረበት። ፍሉብሎክም ሌላው አማራጭ ነው። ከ2022 ጀምሮ እዚህ አገር 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ከተራው ይልቅ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው የሚመከረው።

ዋጋው ከተራው ይወደዳል፣ አልደብቅህም። ከመክፈልህ በፊት ለካውንቲህ ጤና መምሪያ ደውል። ብዙ ቦታ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ኢንሹራንስ ለሌላቸው በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚሰጡበት ቀን አለ።

መልስ፦ የዳላሱ አባት
እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ። አምና ባለቤቴን (68 ዓመቷ ነው) አንድ ፋርማሲ ወሰድኳት። ልጅቷ ዕድሜም ሳትጠይቅ ቸብ አደረገችላት። ቤት ደርሰን ወረቀቱን ስናይ ተራው ነው። ተመልሰን ሃይ ዶዙን ማስወጋት ነበረብን ወይ?

መልስ፦ ፋርማሲስቱ
አይ ጋሼ፣ አንዴ ከተወጉ በዚያው ዓመት አይደገምም። ተራውም ቢሆን ካለመወጋት በብዙ ይሻላል። ዘንድሮ ግን መርፌው ከመሰካቱ በፊት «ሳጥኑን አሳዩን» ይበሉ። አያፍሩ።

መልስ፦ አዋላጅ ነኝ፣ ስቶክሆልም
ስለ ባለቤትህ ማንም አልመለሰም። ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት መወጋት ያለባት እሷ ናት። ሕፃን ስድስት ወር ሳይሞላው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አይሰጠውም። ያለው መከላከያ እናቱ በማህፀን የምታቀብለው ነው። ባንግላዲሽ ውስጥ ተሞክሮ በ2008 በታተመ ጥናት፣ በእርግዝናቸው የተከተቡ እናቶች ልጆች እስከ ስድስት ወር ድረስ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ በ63 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ላይ በ2014 የወጣው ደግሞ ኤችአይቪ ለሌለባቸው እናቶችም ለሕፃናቶቻቸውም መከላከያው ግማሽ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ደስ ያለኝ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ እናቶች ራሳቸው መጠበቃቸው ነው፤ 58 በመቶ ገደማ። መከላከያቸው ስለተጎዳ አይሠራላቸውም የሚል ስጋት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ፦ በአፍንጫ የሚረጨው ሕያው ቫይረስ ነው፤ ለእርጉዝ አይሆንም። መርፌውን ትውሰድ።

መልስ፦ ነርሷ
ልጁን ረስተነዋል! ከዘጠኝ ዓመት በታች ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ልጅ ሁለት ዶዝ ያስፈልገዋል፣ ቢያንስ በአራት ሳምንት ልዩነት። የመጀመሪያው መከላከያውን ያስተዋውቀዋል፣ ሁለተኛው ያጠነክረዋል። ብዙ ወላጅ ሁለተኛውን ይረሳል። ለአዋቂም ቢሆን መከላከያው እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበል።

መልስ፦ አረጋውያን ተንከባካቢ
የእናትህ መርፌ ግማሽ ብቻ ቢሠራ፣ ቀሪውን ግማሽ በእናንተ ክንድ ሙላው። ቫይረሱን ቤት የሚያስገባው ያ ንፍጣሙ ልጅ ነው እንጂ እሳቸው ከሶፋ የት ይሄዳሉ? እምቢ ካሉህ ደግሞ የኅዳር በሽታን አንሳባቸው። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ እያቃጠሉ አድገው የለ? በእኛ አቆጣጠር የ1911ዱ እልቂት ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ
አመሰግናለሁ፣ በተለይ ስለ ሳጥኑ። ካውንቲው በነፃ የሚሰጥበት ቀን አገኘሁና ቅዳሜ ሁላችንም ሄድን። «ሃይ ዶዝ ነው?» ብዬ ሳጥኑን አስወጣሁ፤ ሴትየዋ ሳቀች። እማዬ የኅዳሩን ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ ሹራቧን ራሷ ሰበሰበች። ሲያልቅ «ይቺው ናት?» አለች። ማታ ክንዷን ትንሽ አሟት ዳማከሴዋን ጠጣች፤ አልተከራከርኩም። የልጁ ሁለተኛ መርፌ በአራት ሳምንቱ ኅዳር 12 ላይ ዋለ። «በሚካኤል ቀን!» ብላ እሷው ልትወስደው ተነሥታለች።