ጥቆማ፦ የአባታችንን ቤት ልናድስ ነው፤ ዲዛይነር ወይስ ኮንትራክተር ብቻውን?

የመካከለኛዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ በዕድሜ ይበልጠኛል። አባታችን ያሠራው ነው፤ አሁን እናታችን ብቻዋን ትኖርበታለች። ሦስታችን ልጆች አዋጥተን ልናድሰው ተስማምተናል (ለመስማማት ብቻ አንድ ዓመት ፈጅቶብናል)። የጡብ ግድግዳ፣ የጣውላ ወለል፣ በቀን እንኳ መብራት የሚበራበት ረጅም ኮሪደር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ኩሽና። በእናቴ መኝታ ቤት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደግሞ ግድግዳው ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያራግፋል።

ሦስት አማራጭ ቀርቦልናል።
ሀ) አንድ ስቱዲዮ፤ ከዲዛይን እስከ መጋረጃ ሁሉን እንጨርሳለን ይላሉ፤ የሚከፈላቸው ከጠቅላላ ወጪው በመቶኛ ነው።
ለ) ብቻዋን የምትሠራ ዲዛይነር፤ በቁርጥ ክፍያ ፕላኑንና የዕቃ ዝርዝሩን ትሰጠናለች፤ ሠራተኛ የምንፈልገው እኛ ነን።
ሐ) ወንድሜ ያመጣው ኮንትራክተር፤ «ዲዛይነር ምን ያደርግላችኋል፣ ስሪዲውን፣ በኮምፒውተር የሚሠራውን የቤቱን ሥዕል፣ በነፃ አሠራላችኋለሁ» ብሏል።

በእጃችሁ የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ። የዋጋው ነገር ይቆየኝ፣ አሠራሩን ነው ማወቅ የምፈልገው።

ቀለም ወዳጅ
እህቴ የፈለግሽውን ቅጠሪ፣ ቀለሙን ግን እኔ ከምገዛበት ሱቅ ግዢ። 12 ዓመት ደንበኛቸው ነኝ። ባለቤቱ የግድግዳሽን ፎቶ ዓይቶ ምን እንደሚያስፈልገው ይነግርሻል።

ሦስተኛ ፎቅ
እኛ በኮንትራክተር ብቻ አሠርተን አሪፍ ወጥቶልናል። ሐን ምረጪ። አዲስ አፓርትመንት ነበር ግን፤ የቆየ ቤት ላይ አላውቅም።

ዳግም አይለምደኝም
አንቺ የገለጽሽው ግድግዳ እኛም ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ሀ ጋ ከመሄድሽ በፊት ይህን አንብቢ።

እኛም «ሁሉን እንጨርሳለን» የሚሉ ዘንድ ነው የሄድነው። ዲዛይነሩ መጣ፣ ግድግዳውን በጣቱ ነካ አደረገ፣ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና «ይሄ ይሸፈናል» አለ። ከፊቱ የብረት ፍሬም ቆመ፣ ጂፕሰም ቦርድ ተመታበት፣ ላዩ ላይ የግድግዳ ወረቀት ተለጠፈ፣ ከጠርዙ የተደበቀ መብራት ገባ። የርክክቡ ቀን ባለቤቴ ከሁሉም ማዕዘን ፎቶ ሲያነሳ አመሸ።

በሰባተኛው ወር ልጄ «ይሄ ግድግዳ እርጥብ ጫማ ጫማ ይሸታል» አለችኝ። ሳቅሁባት። ከዚያ ከሶኬቱ ሥር ሳንቲም የምታክል ጠቆር ያለች ክብ ወጣች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳህን አከለች። ቦርዱ ሲነቀል ጀርባው ጥቁር ፀጉር ያበቀለ ይመስል ነበር። ወረቀቱ በእጅ ሲነካ እንደ ረጠበ ጋዜጣ ይቀደዳል። ውሃው የመጣው ከተሰነጠቀ አሸንዳ ነው፤ ከውጭ በኩል ግድግዳውን እያራሰው ዓመታት ኖሯል። አሸንዳውን ቀና ብሎ ያየ አንድም ሰው የለም።

ዲዛይነሩ «የግንባታ ችግር ነው» አለ። ግንበኛው «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» አለ። የከፈልነው እኛ ነን፣ ሁለት ጊዜ።

ሰባት ቁልፍ
ስማቸውን ንገሪንና እንጠንቀቅ!

ዳግም አይለምደኝም
ስም አልጠራም። ነገሩ ሽማግሌ ይዞታል።

የአስተካካይ ልጅ
ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ዲዛይነር የውሃ መሐንዲስ አይደለም። ቤቱ የአንቺ ነው፤ አሸንዳሽን ለምን ራስሽ አላየሽም?

ዳግም አይለምደኝም
አንተ መኪናህን ጋራዥ አስገብተህ «ሞተሩን ለምን ራስህ አላየህም» ብትባል ደስ ይልሃል?

የአስተካካይ ልጅ
እኔ ሞተሬን አያለሁ።

ሰባት ቁልፍ
😂😂

ወረቀት ይናገራል
መጨቃጨቁን ትታችሁ ውሉን ንገሪን። «ነባር ሁኔታን መመርመር» የሚል አንቀጽ ነበረው? ዲዛይነር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ በማን እንደሚታይ ካልተጻፈ ኋላ ላይ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል። የመካከለኛዋ፣ ሀንም ምረጪ ለን፣ ይህችን አንቀጽ አስገቢ።

ዳግም አይለምደኝም
አልነበረውም። 14 ገጽ ውል፤ 3 ገጹ ስለ መጋረጃ ነበር።

ብርሃን ይሁን
ኮሪደሩ ጨለማ ነው ላልሽው፦ አምፖል ስትገዢ ዋት ብቻ አትዪ፣ ካርቶኑ ላይ ኬልቪኑን (የብርሃኑን ቀለም መለኪያ) አንብቢ። ከ2700 እስከ 3000 ሞቅ ያለ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚስማማ ብርሃን ነው። 6500 ከገባ ኮሪደሩ የክሊኒክ ይመስላል። አንድ ትልቅ መብራት መሐል ላይ ከመስቀልም ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች የሚያጥቡ ሦስት አራት ትንንሾች ይሻላሉ፤ ዓይን ቦታ ሰፊ ነው የሚለው ግድግዳ ሲበራለት ነው።

ሰባት ቁልፍ
መብራት ከተነሳ፣ ለመታጠቢያ ቤት መስታወት የትኛው ይሻላል? ከላይ ወይስ ከጎን?

ብርሃን ይሁን
ከሁለቱም ጎን፣ በፊት ቁመት። ከላይ ብቻ ከሆነ ዓይንሽ ሥር ጥላ ይጥልና ሳትታመሚ የታመምሽ ያስመስልሻል።

ጣውላ ነቃይ
የጣውላውን ወለል አንሺና ላሚኔት (እንጨት የሚመስል ንጣፍ) አልብሽው። ጽዳቱ ቀላል ነው።

ታዛቢው
እስካሁን የተገኘውን መልስ ላጠቃልልሽ እህቴ። ቀለም ከአንድ ሱቅ ግዢ። አፓርትመንት ካለሽ ኮንትራክተር ይበቃል። የሰው አሸንዳ ተሰንጥቋል። መስታወትሽ ከጎን ይብራ። ወለልሽን ንቀይው። አንቺ የጠየቅሽው «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ የቱ?» ብለሽ ነበር፤ እሱን ለሚቀጥለው ትውልድ አስተላልፈንልሻል።

መዶሻ በእጄ
ልጄ፣ እኔ አናጢ ነኝ። 38 ዓመት የሰው ቤት አፍርሼ ሠርቻለሁ። ታዛቢው ቢያሾፍም እውነት ይዟል። ግን ከሀ ለ ሐ በፊት ያቺ ነጭ ዱቄት ትቅደም።

ዱቄቷ ጨው ናት። ውሃ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ሲደርቅ ከጡቡና ከልስኑ ያሟሟውን ጨው ላዩ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው ውሃው ከየት መጣ ነው። ቁም ሳጥኑን አስነሺ። እጅ ሁለት የሚያክል ወፍራም ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርጊና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጊ፤ አንዱን ዝቅ አድርገሽ፣ አንዱን ከፍ አድርገሽ። ሁለት ቀን ተዪው። ውሃው በፕላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከተንጠባጠበ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው። በክፍሉ በኩል ላቡ ከወጣ ግን ክፍሉ አየር አጥቶ ነው፤ ቁም ሳጥኑን አንድ ስንዝር ፈቀቅ ማድረግና መስኮት መክፈት ሊበቃው ይችላል። ከታች ብቻ ከረጠበ ከመሬት የሚወጣ ወይም ከውጭ አፈር ተከምሮበት ይሆናል። ከላይ ከሆነ አሸንዳና ጣሪያ።

አንድ ነገር አደራ፦ እርጥቡን ግድግዳ በሲሚንቶ ልስን አታስመቺው። የድሮ ቤት ብዙ ጊዜ በኖራ ነው የተለሰነው፤ ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። የታፈነው ውሃ ደግሞ አይጠፋም፣ ከሲሚንቶው በላይ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይላጥልሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሐ ነፃ ያለሽ ስሪዲ ሥዕል ነው፣ የሥራ ፕላን አይደለም። ሶኬቱ ከወለል ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሆነ፣ ፍሳሹ በየት እንደሚወርድ አይናገርም። ኮንትራክተሩ ሌባ ነው አላልኩም። ነፃ የሆነው ነገር ግን ከሴራሚኩ ወይም ከካቢኔቱ ላይ ይታሰባል። ሀ ዋጋው በመቶኛ ከሆነ ውድ ዕቃ በመረጡልሽ ቁጥር የእነሱም ድርሻ ያድጋል፤ ይህን ፊት ለፊት ጠይቂያቸው፣ «ከሱቆች ኮሚሽን ትወስዳላችሁ?» በያቸው። ቅን የሆነ ሰው አይቆጣም። ለ ለእኔ ይመቸኛል፣ ዲዛይኑን ከዕቃ ሽያጩ ስለምትለይልሽ፤ ግን ሥራው ሲሠራ መጥታ የምታይበት ቀን በውሉ ይቆጠር። ወለሉ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ፣ ልስን ሳይመታ አንድ ጊዜ፣ ቀለም ሳይጀመር አንድ ጊዜ።

ግድግዳ ይነሳ ካለች ግን መልስ የሚሰጠው መዋቅር መሐንዲስ ነው። ግድግዳን አንኳኩቶ «ተሸካሚ አይደለም» የሚልን ሰው አትመኑት፤ እኔም አንኳኩቼ ተሳስቼ አውቃለሁ፣ ጣሪያው ሁለት ጣት ወርዶብኛል።

የመካከለኛዋ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ፕላስቲኩን ዛሬ ማታ እለጥፋለሁ።

ጣውላ ነቃይ
ኖራ ድሮ ቀርቷል እኮ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው።

መዶሻ በእጄ
ጠንካራ ነው። ጡቡ ግን ከእሱ የለሰለሰ ነው፤ ሁለቱ ሲታገሉ የሚሰነጠቀው ጡቡ ነው።

ጣውላውንም አትንቀይ ልጄ። ወፍራም እውነተኛ ጣውላ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይላጋል፤ በ40 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይጀመራል፣ 80፣ ከዚያ 120፣ በመጨረሻ ቫርኒሽ። ላሚኔት አንዴ ከተፋቀ አለቀ፣ ሥዕል ነው።

እናትና ነርስ
ስለ መላግ ካነሳችሁ፦ የቆየ ቀለም በደረቁ አይፋቅ። በድሮ ቀለሞች ውስጥ ሊድ የሚባለው ማዕድን ይገኛል፤ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ብዙ አገሮች ደግሞ ከዚያ ዘግይተው። አቧራው ሕፃን አንጎል ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። እያረጠባችሁ ፋቁ፣ የልጅ ልጆች ካሉ በዚያ ሳምንት አይምጡ። ጣሪያው የድሮ የአስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ) ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

ቀለም ወዳጅ
የእኔ ሱቅ ውሃ የማያሳልፍ ልዩ ቀለም አለው። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቢቀባ ጉዳዩ ያልቃል።

ታዛቢው
ውሃው ከውስጥ እየወጣ ነው ተባለ እኮ። ከላይ ብትደፍነው የት ይሂድ፣ ጎረቤት ቤት?

ቀለም ወዳጅ
እኔ ራሴ ቀብቼዋለሁ ወንድሜ።

ታዛቢው
እና እንዴት ሆነ?

ቀለም ወዳጅ
በስምንተኛው ወር ትንሽ ተነፋ። ግን ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፣ ግድግዳዬ ነው አስቸጋሪ። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ዓይቶ እንደዛ ነው ያለኝ። ሁለተኛ ዙር በቅናሽ ሸጠልኝ።

ታዛቢው
ከዚህ በኋላ አልተናገርኩም።

ሽቦና ሽቦ
ማንም ስለ ኤሌክትሪክ አላነሳም። ልስን ከመመታቱ በፊት የድሮው ሽቦ ይቀየር፤ የመሬት ሽቦ የሌላቸው ሶኬቶች በድሮ ቤት ሞልተዋል። ምድጃና ውሃ ማሞቂያ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ለመታጠቢያ ቤት ደግሞ 30 ሚሊ አምፒር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ አስገቡ። ዲዛይነሮች ሶኬት ስለሚያስቀይማቸው ቁጥሩን ይቀንሳሉ፣ ኋላ ማራዘሚያ እንደ እባብ ይጋደምበታል።

የመካከለኛዋ
ውጤቱን ላሳውቃችሁ። የታችኛው ፕላስቲክ ጀርባው ሙሉ ጤዛ ሆነ፤ የላይኛው ደረቅ ነው። ወንድሜ ወደ ውጭ ወጥቶ ሲያይ የአበባ መደቡ አፈር ከውስጥ ወለላችን በላይ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሏል። አባቴ ነበር የሠራው፣ እናቴም በየዓመቱ አፈር ትጨምርበታለች። አሁን «አበባዬን አትነኩብኝም» ብላናለች። ሰባት ጽጌረዳ።

መዶሻ በእጄ
ጽጌረዳው አይነቀል፣ ይዛወር። አንድ ክንድ ከግድግዳው ራቅ ብሎ መደብ ሥሩላት፤ መካከሉን ቆፍራችሁ ጠጠር ሙሉት፣ የመደቡ አፈርም ከወለላችሁ ዝቅ ይበል። ግድግዳው ወዲያው አይደርቅም፣ ወራት ይፈልጋል። እስኪደርቅ የመኝታ ቤቱን ልስንና ቀለም አትጀምሩ፤ ኩሽናውን አስቀድሙ።

ሦስተኛ ፎቅ
ኩሽና ላይ ያለኝ ምክር፦ በሁለቱ መደርደሪያዎች መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ተዪ፣ 1.20 ከተገኘ እሰየው። የጠረጴዛው ከፍታ በእናትሽ ቁመት ይለካ፣ በካታሎግ አይደለም። እኛ 90 ሴንቲ ሜትር አደረግነውና አማቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ትከሻዋ ጆሮዋ ላይ ይደርሳል።

የመካከለኛዋ
እናቴ አጭር ናት፤ እለካታለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ምን ቢሆን ይሻላል? ባለፈው ሊያንሸራትታት ሲል በበሩ እጀታ ነው የተረፈችው።

እናትና ነርስ
የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ይቅር፤ ሻካራ፣ ትንንሽ፣ መገጣጠሚያው የበዛ ይሁን። ለመያዣ ብረት ደግሞ ግድግዳው ሳይዘጋ እንጨት ይቀበርለት፤ ሴራሚክ ላይ በብሎን ብቻ የተያዘ መያዣ ሰው አይሸከምም።

ወረቀት ይናገራል
የመካከለኛዋ፣ በመጨረሻ ከሀ፣ ከለና ከሐ የቱን ያዛችሁ? ውሉን ላይልሽ እችላለሁ።

ሰባት ቁልፍ
እኔም መልሱን እየጠበቅሁ ነው 👀

አዲስ ገቢ
ሰላም፣ ከላይ ያለውን ሁሉ አላነበብኩም። እኛም የቆየ ቤት አለን፣ ግድግዳው ነጭ ዱቄት ያወጣል። ምን ዓይነት ቀለም ትመክሩኛላችሁ?

ቀለም ወዳጅ
በውስጥ መስመር አውራኝ።