«እጀ ቀላል» ሙገሳ ነው ነቀፋ?

ሳድስ፦
ሰላም ለቤቱ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ አነጋገር ከራሴ አልወጣ አለኝ። ስለ ድሮ ቦክሰኞች የሚተርክ ዝግጅት ሳዳምጥ ተራኪው ዊሊ ፔፕን «እጀ ቀላል ነበር» አለው። እኔ «እጁ ፈጣን ነው» ማለቱ መሰለኝ። አብሮኝ ይሰማ የነበረው ወንድሜ ደግሞ «አይደለም፣ ሲመታ አይከብድም፣ ዘርሮ አይጥልም ማለቱ ነው» ብሎ ሞገተኝ። ፔፕ 229 ጊዜ አሸንፎ በዝረራ የጨረሰው 65ቱን ብቻ ስለሆነ የወንድሜም ያስኬዳል። ታዲያ የቱ ነው? ሙገሳ ነው ነቀፋ?

የደወሉ ድምፅ፦
ወንድምሽ ልክ ነው። ቦክስ የሚከታተል ሰው «እጁ ይከብዳል» ካለ፣ ያ ቦክሰኛ አንዴ ካገኘ ይጥላል ማለቱ ነው። እጀ ቀላል የዚያ ተቃራኒ ነው። ነቀፋ ነው ግን አልልም። ፔፕ እ.ኤ.አ. በ1942 የላባ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን ገና 20 ዓመቱ ነበር። ሥራው አለመመታት ነው። ተጋጣሚው ቡጢ ሲሰነዝር ፔፕ ከጎኑ ይገኛል፤ ዞሮ ሲፈልገው አንድ ሁለት ቀምሶ ጨርሷል።

የቅኔ ልጅ፦
እህቴ፣ መልሱ ግዕዙ ውስጥ አለልሽ። ቀሊል ክብደት የሌለው ብቻ አይደለም፣ ፈጣንም ነው። ኢሳይያስ 19 ላይ ግዕዙ «ደመና ቀሊል» ያለውን አማርኛው «በፈጣን ደመና» ብሎ ነው የመለሰው። እመቤታችንንም «ደመና ቀሊል» ስንላት ክብደት አነሳት ማለታችን አይደለም። ስለዚህ «እጀ ቀላል» ጥሩ ሙገሳ ነው፤ አንቺ የሰማሽው ትክክል ነው።

ዓምደ ግስ፦
ወንድሜ፣ ግማሹን ጠቅሰህ ግማሹን ተውከው። ዳንኤል 5ን ክፈት፤ «በሚዛን ተመዘንህ፥ ቀልለህም ተገኘህ» ይላል። እዚያ ቀለለ ማለት ጎደለ፣ አልበቃም ማለት ነው። አማርኛችን የወረሰው በአብዛኛው ይህን ነው። «ሰውየው ቀለለ» ስንል ፈጠነ ማለታችን ነው? አቃለለ፣ ተቃለለ፣ ቅሌት ሁሉም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው። «ቀላል ሰው አይደለም» የሚለው ሙገሳ የሆነውም ቀላል መሆን በራሱ ነቀፋ ስለሆነ ነው።

የቅኔ ልጅ፦
መምህር፣ «ሸክሜም ቀሊል ነውና» የሚለውስ? እሱም ቅሌት ነው?

ዓምደ ግስ፦
ሸክም ሲቀልና ሰው ሲቀል አንድ አይደለም። ቃሉ የሚፈርደው በተሸካሚው ነው። ሸክም ቢቀል ለተሸካሚው ደስታ ነው፣ ሰው ቢቀል ለሰውየው ውርደት። አሁን ጥያቄው እጅ ከሸክም ወገን ነው ከሰው ወገን የሚለው ነው።

ጎላ፦
እጅ ለብቻው ነው እንጂ ከሁለቱም አይደለም። መርፌ የምትወጋ ነርስ «እጇ ቀላል ነው» ስትባል ሰምታችሁ አታውቁም? ወግታ ስትጨርስ ገና «ጀመርሽ ወይ?» የምትባለዋን ነው። ያ ንጹሕ ምስጋና ነው። እጇ ፈጠነም አልከበደም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚሰማው።

የደወሉ ድምፅ፦
ጎላ የነካችው ዋናውን ነው። ለነርስ አለማሳመም ሙያ ነው፤ ቦክሰኛ ግን ለማሳመም ነው የገባው። እንዲያም ሆኖ በቦክስም ፍጥነትና ቅለት የሚለያዩ አይመስለኝም። የቡጢ ጉልበት ከክንድ አይመጣም። እግር መሬት ይረግጣል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ክንድ ያደርሳል። ዘርሮ ለመጣል እግርህን ተክለህ ለአፍታ መቆም አለብህ፣ ያቺ አፍታ ደግሞ አንተም የምትመታባት ናት። ፔፕ ያቺን አፍታ ለተጋጣሚው መስጠት አይፈልግም። ቡጢው ሲያርፍ እግሩ መሄድ ጀምሯል። እጁ የቀለለው እግሩ ስላልተተከለ ነው፣ ያልተመታውም በዚያው ምክንያት። ስለዚህ ሳድስም ወንድሟም ያዩት አንድ ነገር ነው።

ነጥብ ቆጣሪ፦
ሁላችሁም የረሳችሁት አለ። «ቀልጣፋ» የሚለው ቃል ቀለለ እና ጠፋ ተጋጥመው የወጡት ነው። ቀሎ የሚጠፋ! ፔፕን ከዚህ በላይ የሚገልጽ አለ?

ዓምደ ግስ፦
የለም፣ የለም። ቀለጠፈ አራት ፊደል ያለው ራሱን የቻለ ግስ ነው። ሁለት ግስ ቆርጦ መስፋት ከተፈቀደማ ሁሉም ቃል ከሁሉም ቃል ይወጣል። ደስ የሚል ነገር ሁሉ እውነት አይደለም።

ነጥብ ቆጣሪ፦
እሺ መምህር፣ ተቀበልኩ። ከብደና ከብረስ? እጀ ከባድ የሚከበረው ሁለቱ አንድ ስለሆኑ አይደለም?

የቅኔ ልጅ፦
በዕብራይስጡ ክብርና ክብደት ከአንድ ሥር መውጣታቸው እውነት ነው። ግዕዝ ግን ለክብደት ከብደን፣ ለክብር ከብረን ለየብቻ ይዟል። በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ አንድ አይሆኑም። ይልቅ የሚገርምህ በግዕዝ ሆድ «ከብድ» መባሉ ነው፤ ጉበትም በዚሁ ስም ይጠራል። ቦክስ የምታዩ ሰዎች ጉበት ላይ ያረፈ ቡጢ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ።

የደወሉ ድምፅ፦
እናውቃለን። ሰውየው ቡጢው ካረፈበት በኋላ አንድ እርምጃ ሄዶ ነው የሚንበረከከው። አእምሮው ንቁ ነው፣ ዓይኑ ያያል፣ ሰውነቱ ግን እምቢ ይላል።

ጎላ፦
ወደ ቀላል እጅ እንመለስ። በጥፊ የሚጋጠም ሻምፒዮን ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

የደወሉ ድምፅ፦
ማክሲ ሮዘንብሉም። እስከ 1934 (እ.ኤ.አ.) የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። ከ200 በላይ አሸንፎ በዝረራ የጨረሰው 19ኙን ነው። ጓንቱን ገልጦ ከቡጢ ይልቅ ወደ ጥፊ የሚጠጋ ምት ስለሚመታ ቅጽል ስሙም ከዚያው ወጣለት። ነጥብ ግን ነጥብ ነው፣ ይቆጠርለታል።

የቅኔ ልጅ፦
ጥፊ እኮ የግዕዙ ጸፍዐ ነው። ጸ በአማርኛ ጠ ሆነ፣ ዐ ወደቀ። ሕማማተ መስቀልን የቆጠረ ሁሉ «ተጸፍዖ መልታሕት» (ጉንጭን በጥፊ መመታት) የሚለውን ያውቀዋል። «ተኰርዖተ ርእስ»ም (ራስን መመታት) አለ፤ ኩርኩም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ዓምደ ግስ፦
ጥፊን እቀበላለሁ። ኩርኩምን አልቀበልም። ኮረኮመ ያቺን ሁለተኛዋን ከ እና መ ከየት አመጣ? አሁን ነጥብ ቆጣሪን የገሠጽንበትን ጥፋት አንተው ደገምከው። ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ባለማወቅ አያመካኝም።

የቅኔ ልጅ፦
ይሁን፣ ኩርኩምን አነሣሁ። ግን «ዝረራ»ን ማን ያስረዳን? እኔ ከዘር ነው እላለሁ፤ ሰውየው እንደ ዘር መሬት ላይ ይበተናል።

ዓምደ ግስ፦
ዘር የግዕዝ ዘርዐ ነው፣ መጨረሻው ዐ ነው። ዘረረ ላይ ረ ይደገማል እንጂ ዐ የለም። ዘረረ ዘርግቶ አጋደመ ነው። ልብ በሉ፣ ያልተጋደመ ሰው አልተዘረረም።

የደወሉ ድምፅ፦
እንግዲያው አንድ ችግር ላምጣላችሁ። አርጀንቲናዊው ኒኮሊኖ ሎቼ 117 ጊዜ አሸንፎ በዝረራ የተመዘገበለት 14 ብቻ ነው። «የማይነካው» ነበር የሚሉት። በታኅሣሥ 1968 (እ.ኤ.አ.) ቶኪዮ ላይ ፖል ፉጂን ገጠመ። ሎቼ ገመድ ተደግፎ ቆሞ በራሱና በወገቡ ብቻ ያመልጠዋል፣ ፉጂ አየር ይመታል፣ ሎቼ ደግሞ ፊቱን ይለቅመዋል። ለአሥረኛው ዙር ፉጂ ከወንበሩ አልተነሣም። ዓይኑ አብጧል፣ ልቡ ደክሟል። ያ ድል ከ14ቱ ጋር ነው የተቆጠረው። ማንም ግን አልተጋደመም! ዝረራ ነው?

ዓምደ ግስ፦
በቃሉ መሠረት አይደለም። ተቀምጦ የተሸነፈ አልተዘረረም። «አልነሣም አለ» ነው የሚባለው።

ጎላ፦
ያ እኮ ከዝረራ ይብሳል። የተዘረረ ሰው ባይነሣ ስለማይችል ነው። ፉጂን ያስቀመጠው ምትም አይደለም፣ ማጣት ነው። ዘጠኝ ዙር ሙሉ የሚመታው ሰው ማጣት። እጀ ቀላል ሰው ይህን ካደረገ ቃሉ ነቀፋ ሊሆን አይችልም።

ነጥብ ቆጣሪ፦
እኔም ላክል። ፐርኔል ዊተከርም በዚህ ወገን ነው፤ 40 ድል፣ 17 በዝረራ። በ1990 (እ.ኤ.አ.) የቀላል ሚዛንን ቀበቶዎች ሁሉ የሰበሰበው ግን ተጋጣሚውን ናዛሪዮን በመጀመሪያው ዙር ዘርሮ ነው። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ሳን አንቶኒዮ ላይ 87 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ያልተሸነፈውን ቻቬስን ያለ ዝረራ አሰልችቶ፣ አስቶ፣ አድክሞ ሲጨርስ ዳኞች አቻ አሉት። ያየነው ሁሉ አዘንን። ከባድ እጅ ቢኖረው ዳኛ አያስፈልገውም ነበር፤ የእጀ ቀላል ሰው ዕዳ ይህ ነው።

የደወሉ ድምፅ፦
ፔፕም ያን ዕዳ ከፍሏል። በጥቅምት 1948 (እ.ኤ.አ.) ሳንዲ ሳድለር በአራተኛው ዙር ዘረረው። ሳድለር ከ100 በላይ ሰው የዘረረ፣ እጁ የሚከብድ ሰው ነው። በየካቲት 1949 ተመልሰው ሲገናኙ ፔፕ 15 ዙር ሙሉ ሮጦ፣ ዞሮ፣ ለቅሞ፣ ዓይኑ ሥር ተቀዶ በነጥብ ቀበቶውን አስመለሰ። ያን ሌሊት አንዴ ቆሞ ቢሆን ኖሮ አልቆለት ነበር።

የቅኔ ልጅ፦
አንድ ነገር ላንሣ። በግዕዝ ቢሆን «ቀሊለ እድ» ነበር የሚባለው፣ እንደ «ርኁቀ መዓት» (ከቁጣ የራቀ)፤ ቅጽሉ ይቀድማል። አማርኛ ገልብጦ ልበ ሙሉ፣ ዓይነ ደረቅ፣ እጀ ቀላል ይላል። አማርኛው ስሙን ስላስቀደመ ነቀፋውም ሙገሳውም መጨረሻ ላይ ነው የሚወድቀው...

ሳድስ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ፤ ከመጀመሪያው ሙሉውን ባለመጻፌ አጥፍቻለሁ። ዝግጅቱን መልሼ ሰማሁት። ሙሉው አነጋገር «ፔፕ እኮ እጀ ቀላል ሆኖ ነው 229 ጊዜ ያሸነፈው» የሚል ነው።

ጎላ፦
ይኸው! ቀላል እጁ ነው ያሸነፈለት ማለቱ ነው። ሙገሳ ነው።

የደወሉ ድምፅ፦
እንዴት? «ቀላል እጅ ይዞም እንኳ» ማለቱ ነው እንጂ። ጉድለቱ እያለ ነው የሚለው።

ዓምደ ግስ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ችግሩም እዚያ ነው። «ታሞ ነው የቀረው» ስል መታመሙ ምክንያት ነው። «ታሞ ነው የመጣው» ስል መታመሙ እንቅፋት ነው። ቅርጹ አንድ ነው፣ ፍርዱ ግን የሚከተለው ግስ ጋ ነው። ማሸነፍ ደግሞ ሁለቱንም ይቀበላል። ሳድስ፣ ተራኪው ድምፁን የሚያነሣው «ሆኖ» ላይ ነው «ነው» ላይ?

ሳድስ፦
ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። «ሆኖ» ላይ ትንሽ ይጎትታል፣ ከዚያ ይተነፍሳል።

የቅኔ ልጅ፦
ከጎተተማ እንቅፋት ነው።

ጎላ፦
ሲገርመው ነው ሰው የሚጎትተው! ድምፁን ልትልኪልን ትችያለሽ?