የተጎዳችን እስስት ማስታመም ወይስ መልቀቅ? ክርክር ከሀዋሳ

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። ሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ሰፈር፣ አንዲት እስስት ለወራት በዓሣ ማኖሪያ መስታወት ውስጥ ተዘግታ ኖራለች። ምግቧ ዝንብ ብቻ፣ ፀሐይዋም በመስኮት የምትገባው ብቻ ነበረች። አሁን የኋላ እግሮቿ እንደ ቀስት ጎብጠዋል፤ የታችኛው መንጋጋዋ በጣት ሲነካ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፤ ምላሷን ለመወርወር ትሞክርና ከአፏ ጫፍ አያልፍም። ጎረቤቱ በሦስት ተከፍሏል። «ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ዛፎቹ ላይ ልቀቋት» የሚል አለ፣ «ቤት ውስጥ ትታከም» የሚል አለ፣ «የዱር እንስሳ ናት፣ ለመንግሥት አስረክቡ» የሚልም አለ። እናንተ ምን ትላላችሁ? በመረጣችሁት የብዕር ስም ጻፉልን። ያገኘ ሰው ሁሉ የዱር እንስሳ በቤቱ ያስታምም?

ታቦር ሥር፦
አሁን መልቀቅ መግደል ነው። እስስት የምትኖረው በመጨበጥና በምላሷ ነው። ጣቶቿ ሁለትና ሦስት እየሆኑ ተጣብቀው ቅርንጫፉን እንደ ጉጠት ይይዛሉ፤ ጅራቷም ሌላ እጅ ነው። እንደዚህች ካልሲየም አጥሮ አጥንት ሲለሰልስ ጭብጡ ይላላል። ምላሷን የሚወረውረውና የሚመልሰው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ያለ ካልሲየም በቅጡ አይሠራም። ስለዚህ ዝንቡ ፊቷ ቁጭ ብሎ እያየችው ትራባለች። እንዲህ ያለችውን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል መናፈሻ ዛፍ ላይ ብታስቀምጧት ትወድቃለች፣ ስትወድቅ ትሰበራለች፣ መሬት ላይ ደግሞ ድመትና ቁራ አለ።

ሕግ ይቅደም፦
ርኅራኄውን አልነቅፍም። ነገር ግን የአገራችን የዱር እንስሳት አዋጅ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል። የአገራችን እስስቶች ሳይተስ (CITES) በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥም ናቸው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት ስምምነት ነው። ዛሬ «እያስታመምኩ ነው» የሚል ሰው ነገ አምስት እስስት ይኖሩታል፤ የሰፈር ልጆች ከአጥር እያወረዱ ያመጡለታላ! ደግሞስ ይቺን ያሳመማት ቤት መዋሏ አይደለም እንዴ? ያሳመማትን ቤት ሐኪም ቤት አታድርጉት።

ታቦር ሥር፦
አንድ እርማት፣ ወንድሜ። ሳይተስ ድንበር የሚሻገር ንግድን ነው የሚቆጣጠረው፤ ሐይቅ ዳር ቤት ውስጥ ስላለች እስስት አይናገርም። አዋጁ ግን ይመለከታታል፣ እሱ ላይ ልክ ነህ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦
ለሚመለከተው የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ዛሬውኑ አሳውቁ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ማስታመሙን ጀምሩ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው በጎ አስቦ ቅደም ተከተሉን መሳቱ ነው። «ካልሲየም አነሳት» ሲባል መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ካልሲየሙ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ውኃ ነው።

ዓይኗን እዩ። ጎድጎድ ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከኩሷ ጋር የሚወጣው ነጭ ነገር ወደ ብርቱካናማ ካደላ፣ ሰውነቷ ደርቋል። እስስት ከሳህን አትጠጣም፤ የቆመ ውኃ ውኃ መሆኑን አታውቅም። ቅጠል ላይ የተንጠለጠለች፣ የምታብረቀርቅ ጠብታ ናት የምትስባት። ለብ ያለ ውኃ በመርጫ ጠርሙስ ጠዋትና ማታ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቅጠሉ ላይ አርከፍክፉ፤ ፊቷ ላይ አይደለም። ወይም የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ በስታችሁ ከቅጠሉ በላይ ስቀሉ፣ ጠብ ጠብ ይበል። ዓይኗ ሞላ እስኪል ድረስ ፌንጣ አትስጧት። የደረቀ አንጀት ምግብ አይገፋም፣ የደረቀ ኩላሊትም ካልሲየሙን አይችለውም።

ከመስታወቱም አውጧት። አራት እንጨት አቁማችሁ አሮጌ አጎበር ብትወጥሩበት ይበቃል፤ አየር ይገባል፣ ፀሐይ አይታገድም። መቆሚያው እንጨት ከመሬት ከ15 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ሥሩ የታጠፈ ፎጣ ይሁን። የእንጨቱ ውፍረት ወሳኝ ነው፤ ስትጨብጠው ጣቶቿ ለመገናኘት ጥቂት የሚቀራቸው ቢሆን ጥሩ ነው። ከቀጠነ መያዝ አትችልም፣ ከወፈረ ትንሸራተታለች።

ስታዘዋውሯት ከነእንጨቱ አንሷት። ከእንጨት ላይ መንጭቆ ማላቀቅ በለሰለሰ አጥንት ላይ እግር ይሰብራል። መድኃኒት ለመስጠት ብላችሁ መንጋጋዋን በግድ አትክፈቱ፤ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ጠብታውን በከንፈሯ ጠርዝ አስነኩና ራሷ እስክትልሰው ጠብቁ።

ጣቶቿ ወይም ጅራቷ ሳታዝዛቸው የሚርገበገቡ ከሆነ ግን የቤት ጉዳይ አይደለም። የደሟ ካልሲየም ወርዷል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም የካልሲየም ግሉኮኔት መርፌ ይወስንላታል። እዚሁ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት አለ፤ እዚያ ጠይቁ።

ጓሮ ጎመን፦
ዶክተር፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ሰው መድኃኒት ቤት ሄዶ የልጅ ካልሲየም ሽሮፕ ገዝቶ ይገባል። ስለ መጠኑ ይንገሩን።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦
መጠኑን የሚወስነው ክብደቷ ስለሆነ መጀመሪያ ትመዘን። የኩሽና ሚዛን አይሆንም፤ ግራም በግራም የሚቆጥር የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። 50 ግራም የምትመዝን እስስት የአንድ ኪሎ ሃያኛ እጅ ናት። ሐኪሙ ለኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ካዘዘ የእሷ ድርሻ 0.05 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ መርፌው በወለቀለት ባለ 100 መስመር የኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ አምስት መስመር ይሆናል፤ አንዲት ጠብታ ማለት ነው። በሻይ ማንኪያ የሰጠ ሰው ገድሏታል።

የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙዎቹ ሽሮፖች ቫይታሚን ዲ3 ይጨመርባቸዋል። ዲ3 በሰውነት ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ካልሲየሙ ወደ አጥንት መሄዱ ይቀርና ኩላሊትና የደም ሥር ላይ ይጋገራል። ፎስፎረስ ያለበትንም ተዉት፤ ፎስፎረስ እኮ ከምትበላው ዝንብ ሞልቶ ተርፏታል። በሽታውን ያመጣውም ይኸው ነው። በምግቧ ውስጥ ካልሲየሙ የፎስፎረሱ እጥፍ ያህል ሊሆን ሲገባው ነፍሳት ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ካልሲየም ከምግብ ሲጠፋ የፓራታይሮይድ እጢ ከአጥንት እየቀዳ ለደም ይሰጣል፤ ደሟ ሲሞላ አጥንቷ ይከሳል።

ጓሮ ጎመን፦
እንግዲህ ከአንቡላንስ ሥራው ቀጥሎ ያለውን እኔ ልጨምር፤ የወራት ሥራው እሱ ነው። የእንቁላል ቅርፊት አሥር ደቂቃ ቀቅሉ፣ ከውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ላጡ፣ አድርቁ፣ በቡና ሙቀጫ ውቀጡና በነጠላ ቁራጭ ንፉ። በጣት መሃል ስታሹት እንደ ዱቄት ካልለሰለሰ መልሳችሁ ውቀጡት። ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ፎስፎረስ የለበትም ማለት ይቻላል። ፌንጣውን በላስቲክ ውስጥ ከቁንጥር ዱቄት ጋር አድርጋችሁ ነቅንቁት፤ ስስ ብናኝ ይልበስ እንጂ ነጭ ኳስ አይሁን፣ ከበዛ ትተፋዋለች።

ፌንጣው ራሱ ባዶ ሆድ ከመጣ ግን ዱቄቱ ብቻውን አያወጣም። ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ የሐበሻ ጎመን ቅጠልና የተፈቀፈቀ ካሮት አብሉት። ቆስጣ አይሁን! ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ይዞት ይወጣል። ፌንጣው ከእስስቷ የራስ ቅል ስፋት አይብለጥ። ፍሊት ከተነፋበት ቤት ዝንብና በረሮ፣ መድኃኒት ከተረጨ ማሳ ፌንጣ አትልቀሙ፤ ሰባት ቀን ያስታመማችሁትን በአንድ ጉርሻ ታጠፉታላችሁ።

ፀሐይ በረንዳ፦
ኖራ ካልሲየም ነው ብሎ የበተነ ሰው እንዳለ ስለሚወራ ልናገር፦ ኖራ ያቃጥላል፣ አፏንና ጉሮሯን ይልጣል። ጄሶ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ይደርቃል። የአጥንት ዱቄትም ካልሲየም ቢኖረውም ፎስፎረሱን ጭኖ ነው የሚመጣው። ወተትም አይሆንም፤ ሆዷ የወተቱን ስኳር አይፈጭም።

ወደ ፀሐይ ልምጣ። ጨቅላ ሕፃን ሪኬትስ እንዳይዘው ጠዋት እናቱ ታሞቀዋለች፤ በመስኮት መስታወት ውስጥ ሆኖ ግን ለዚህ አይጠቅመውም። የእስስቷም ነገር ያው ነው። ቆዳዋ ዲ3 የሚሠራው ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ባለው ጨረር ነው፤ ተራ መስታወት ይህን ያስቀረዋል፣ ሙቀቱን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ መስታወት ውስጥ ያለች እስስት እየጋለች ትታመማለች። የቤት ኤልኢዲ አምፖልም ይህ ጨረር የለውም። ለእንስሳት ተብሎ የተሠራ የዩቪ ቱቦ መብራት ይሠራል፣ ግን ጨረሩ በዓይናችን ሳንለየው እየደከመ ስለሚሄድ በየስድስት ወር እስከ ዓመት ይለወጣል፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ከምድር ወገብም 7 ዲግሪ ብቻ ሰሜን ናት። ፀሐያችን ከየትኛውም መብራት ትበልጣለች።

ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ በአጎበሩ ቤት ከነእንጨቷ አውጧት። ግማሹ ጥላ ይሁን፤ መሸሻ የሌለው ፀሐይ ምድጃ ነው። ቆዳዋ ይነግራችኋል። ሲበርዳት ለፀሐይ የሰጠችው ጎኗ ይጠቁራል፣ ሌላው ጎኗ ግን ገርጣ ይላል፤ ስትሞቅ ሁለቱም ይፈካሉ። አፏን ከፍታ ከቆየች አልፏታል፣ ወዲያው ወደ ጥላ። በዚህ መልክ በየቀኑ የምትወጣ ከሆነ የዲ3 ሽሮፕ ከነጭራሹ ባትጨምሩ ይሻላል።

ሕግ ይቅደም፦
ይህን ሁሉ ማንበቤ ነው አሁን የበለጠ የሚያሳስበኝ። ይህንን የሚሠራ ቤት ከመቶ ስንት ነው? የወርቅ ሚዛን፣ የኢንሱሊን ሲሪንጅ፣ በየጠዋቱ ሰዓት ጠብቆ ማውጣት፤ እና እናንተ ለሁሉም ሰው «አስታምሙ» ትላላችሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ መቼ ነው የሚያበቃው? «አልዳነችም ገና» እየተባለ አምስት ዓመት ቤት የምትቀመጥ እስስት የቤት እንስሳ ናት እንጂ ታካሚ አይደለችም።

ታቦር ሥር፦
ማብቂያው ይታያል። መርገብገቡ በቀናት ውስጥ መቆም አለበት፤ መንጋጋው በሳምንታት ይጠነክራል፤ አጥንቱ ግን ወራት ይፈልጋል። ለመልቀቅ እነዚህ በአንድ ላይ ይሟሉ፦ መንጋጋው በጣት ሲነካ አይተጣጠፍም፤ ምላሷ የሰውነቷን ርዝመት ያህል ተወርውሮ ፌንጣ ይዞ ይመለሳል፣ አንዴ ሳይሆን ቀናትን አከታትሎ፤ ቁልቁል ተንጠልጥላ ሳትወድቅ ትቆያለች፤ የሰው ቁመት ያለው እንጨት ላይ ራሷ ትወጣለች፤ ክብደቷም ለአራት ሳምንት አልቀነሰም። ክብደቱን በየሳምንቱ ከነቀኑ በደብተር ጻፉት። ጽሕፈት ቤቱ ቢጠይቅ የሚታየው ደብተሩ ነው፣ አስታማሚንና አሳሪን የሚለየው እሱ ነው።

የምትለቀቅበትም ቦታ ደስ ያለን ዛፍ አይደለም። ከወንዶ ገነት የመጣች ወንዶ ገነት፣ ከሐይቁ ዳር የመጣች እዚያው። የደጋ እስስት ለቆላ ሙቀት አልተፈጠረችም። ከየት እንደመጣች የማይታወቅ ከሆነ፣ ወይም ከውጭ አገር የገባች ዝርያ ከሆነች፣ እንዳትለቋት።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦
አንድ ነገር ሁላችንም ዘለልነው፦ ሴት ናት ወይ? እንቁላል የምትጥል ዓይነት ከሆነችና ሆዷ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ከታየ፣ የቀረችውን ካልሲየም ቅርፊቱ ይወስድባታል። ምላሷ አልሠራም፣ እግሯ አልቆመም፣ እንቁላሉም አልወጣም፤ ሦስቱ አንድ ላይ ከሆኑ ቤት አትቆዩ። ካልሆነም 25 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚጠልቅ እርጥብ አሸዋና አፈር የተቀላቀለበት ባልዲ አስገቡላት፤ መቆፈሪያ ያላገኘች እንቁላሉን ይዛ ልትሞት ትችላለች።

ሕግ ይቅደም፦
እሺ፣ መንጋጋዋ ጠነከረ እንበል። እግሮቿስ?

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦
ጎብጦ የጠነከረ አጥንት አይቃናም። ያ እግር ዕድሜ ልኩን እንደዚያው ነው።

ሕግ ይቅደም፦
ታዲያ በሁለት የጎበጠ እግር የምትጨብጥ እስስት ያንተን መስፈርት አታሟላም፣ ታቦር ሥር። አትለቀቅም፣ ቤትም መኖር አይፈቀድላትም። እኔ ያኔ ሐኪም ያለ ሥቃይ ያሳርፋት ባይ ነኝ። ለምትበላዋና ለምትጠጣዋ እስስት ግን ያንን ቃል ለመናገር ይከብደኛል።

ጓሮ ጎመን፦
እየበላች፣ እየጠጣች፣ ፀሐይ ላይ ጎኗን እያዞረች ያለችን እስስት ለምን እናሳርፋለን? የሚሠቃይ ሌላ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቷ በጽሑፍ ፈቃድ ይሰጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ማስተማሪያ ይያዛት። መስታወት ውስጥ የዘጋት ሰው ቤት ብቻ አትመለስ።

ታቦር ሥር፦
እዚያ ላይ እስማማለሁ። ፈቃዱ እስኪመጣ ግን ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት አጎበሩን ማን ያወጣላታል? ሐይቅ ዳር ያላችሁ፣ እዚሁ ጻፉ።