ለኦቾሎኒ ማሳ የአገዳና የቆረቆንዳ አመድ ይሆናል?

አዲስ ዘሪ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ከበቆሎ አገዳና ቆረቆንዳ ብዙ አመድ ተጠራቅሞልኛል። ማሳዬ አሸዋማ ነው፤ አፈሩ ሲመረመር ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ዝቅ ሲል አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) 5.2 ወጣ። ባለፈው ወቅት ኦቾሎኒው ቅጠሉ ለምለም ነበር፤ ሲነቀል ግን ብዙው ቅርፊት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጣት ሲጫነው እሽ ይላል፣ ውስጡ ምንም የለም። አሁን አመዱን ተክሉ ሲያብብ ግርጌው ላይ ልበትን አስቤአለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አፈር ወዳድ፦ ወንድሜ፣ አመዱስ ይጠቅምሃል። ያሰብከው ጊዜና ቦታ ግን ጉዳት አለው፤ እባክህ እሱን ተወው።

የባዶ ቅርፊት ዋናው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የካልሲየም እጥረት ነው፣ በተለይ በአሸዋማና አሲዳማ አፈር። ኦቾሎኒ ካበበ በኋላ ቀጭን ጭራ ወደ መሬት ይሰድዳል፤ ፍሬው የሚያድገው አፈር ውስጥ በገባው የጭራው ጫፍ ላይ ነው። ሥሩ የሳበው ካልሲየም ከውሃ ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ፍሬው አይወርድም። ስለዚህ ፍሬው ካልሲየሙን በቅርፊቱ በኩል፣ በዙሪያው ካለው እርጥብ አፈር በቀጥታ መውሰድ አለበት። ቅጠሉ ለምልሞ ቅርፊቱ ባዶ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የአገዳና የቆረቆንዳ አመድ ደግሞ በፖታሲየም የበለጸገ ነው። ፖታሲየም ፍሬው ባለበት የላይኛው አፈር ላይ ሲበዛ ካልሲየሙን ይሻማዋል፤ ባዶ ቅርፊት ይበዛል፣ የቅርፊት መበስበስም ይከተላል። ሲያብብ ግርጌው ላይ ብትበትነው ችግሩን ታባብሰዋለህ።

እኔ የምመክርህ ይህን ነው። አመዱን ከመዝራትህ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለህ በካሬ ሜትር ከ50 እስከ 100 ግራም በትነህ በደንብ እረስበት፣ ወደ ታች ይግባ። አሲዱን ያበርዳል፣ ለሥሩም ፖታሲየም ይሆነዋል። ፒኤቹ 6 አካባቢ ሲደርስ አቁም፤ ከ6.5 በላይ ከወጣ ብረትና ዚንክ አፈሩ ውስጥ ይታሰርና ተክሉ ሊወስደው አይችልም፣ ለጋ ቅጠሉ በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ይሆናል። ማበብ ሲጀምር ደግሞ ጂፕሰም (ካልሲየም ያለበት የማዕድን ዱቄት) ካገኘህ ግርጌው ላይ በትን፤ የአፈሩን ፒኤች ሳይነካ ካልሲየም ይሰጣል። ያን ጊዜ አፈሩ እንዳይደርቅ ጠብቅ። እርጥበት ከሌለ ካልሲየሙ ቢኖርም ፍሬው ጋ አይደርስም።

ዘሩ ከትኩስ አመድ ጋር እንዳይነካካ። ብቅለቱን ይጎዳል።

የጓሮ ሰው፦ እኔ ያለኝ የሩዝ ገለባ (አገዳው ሳይሆን የፍሬው ልባስ) አመድ ነው። እንደዚያው ልጠቀም?

አፈር ወዳድ፦ አይመሳሰሉም። የሩዝ ገለባ አመድ አብዛኛው ሲሊካ (አሸዋ የተሠራበት ነገር) ነው፤ ፖታሲየሙም ካልሲየሙም ትንሽ ስለሆነ አሲድ ለማብረድ ብዙ አትጠብቅበት። የእንጨት አመድ በአንጻሩ ካልሲየሙ ይበዛል። አመድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከምን እንደወጣ ሳታውቅ መጠን አትቁረጥ። ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት አብሮ የነደደበትን ማሳ ውስጥ አታስገባ።

አዲስ ዘሪ፦ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከዩሪያ ጋር ቀላቅዬ ብበትነውስ?

አፈር ወዳድ፦ አትቀላቅል። ከአመድ ጋር ሲሆን የዩሪያው ናይትሮጅን አሞኒያ የሚባል ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። በዚያ ላይ ኦቾሎኒ ናይትሮጅኑን በአብዛኛው ሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካኝነት ራሱ ያገኛል። ካበበ በኋላ አንድ ተክል በጥንቃቄ ነቅለህ ሥሩ ላይ ያሉትን ትናንሽ እባጮች በጥፍርህ ሰንጥቃቸው፤ ውስጣቸው ቀላ ካለ ባክቴሪያዎቹ እየሠሩ ናቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ናይትሮጅን አያስገኙም፣ ያኔ ለቀጣዩ ወቅት ዘሩን በባክቴሪያው ለውሰህ መዝራት ይኖርብሃል።

ደግሞ ለአመድ ብለህ አገዳ አታቃጥል። ናይትሮጅኑና ድኙ በጭሱ ይሄዳል፤ አሸዋማ አፈርህ የሚያስፈልገው ብስባሽ ነው። በበሽታ የተመታውን ብቻ አቃጥል። ያለህን አመድ እስክትበትነው ዝናብ በማይነካው ቦታ አስቀምጥ፤ ፖታሲየሙ በውሃ ቶሎ ታጥቦ ይሄዳል።