ለቤተሰቦቻችን የምንተወው ሰነድ፦ የሰሜን ሸዋ ጡረተኛ ወታደሮች የጋራ ዕቅድ ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ አባላት፤ ባለፈው ስብሰባችን የጋራ የዕቅድ ሐሳብ አዘጋጅተን ለዞኑ አስተዳደርና ለጡረታ ጽሕፈት ቤቱ እንድናቀርብ በተስማማነው መሠረት የመጀመሪያውን ረቂቅ አቅርቤላችኋለሁ። አንብባችሁ የጎደለውን እንድትሞሉ፣ የተሳሳተውን እንድታርሙ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መነሻችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ጓዳችን ሲያርፍ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሠልስቱም አርባውም በወጉ ይወጣል፤ መከራው የሚጀምረው ለቀስተኛው ተበትኖ ሚስት የባለቤቷን ወረቀቶች ይዛ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ስትጀምር ነው። እኛ ትጥቃችንን በየማለዳው እየፈተሽን የኖርን ሰዎች ስንሆን የቤታችንን ሰነድ ግን አብዛኞቻችን አንድ ቀን እንኳ ፈትሸነው አናውቅም። ረቂቁ የሚለው እያንዳንዱ አባል በሕይወት ሳለ፣ ባለቤቱ ባለችበት፣ የጡረታ ማኅደሩን፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃዎቹን፣ የቤትና የመሬት ደብተሩን፣ የሚከፍለውንና የሚከፈለውን ዕዳ መርምሮ በአንድ መያዣ እንዲያኖር፣ ማኅበሩም ለዚሁ ሥራ ጽሕፈት የሚችሉ አባላትን መድቦ ከጥር ወር ጀምሮ በየወረዳው እየዞረ እንዲረዳው ነው።

ከአንድ ሻምበል፣ ደብረ ሲና

ጸሐፊያችንን አመሰግናለሁ። ሆኖም ረቂቁ ሕጉ ለተተኪዎቻችን፣ ማለትም ስንሞት ጡረታው ለሚተላለፍላቸው ቤተሰቦቻችን፣ ምን እንደሚሰጥ በግልጽ ሊያስቀምጥ ይገባዋል፤ በዚህ ጉዳይ በመካከላችን የተሳሳተ እምነት ስላለ ነው። አንድ ጓደኛዬ ጡረታውን ለወንድሙ ልጅ እንዳወረሰ በሙሉ ልብ ይነግረኝ ነበር። ጡረታ ግን እንደ ቤትና እንደ ከብት በኑዛዜ የሚተላለፍ ሀብት አይደለም፤ ለማን እንደሚከፈል የሚወስነው ሕጉ ራሱ ነው።

በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት የሟች ሚስት ወይም ባል ሟቹ ያገኝ የነበረውን ጡረታ 50 በመቶ፣ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟቹ ይረዱ የነበሩ እናትና አባት ደግሞ እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ያገኛሉ። ወር በወር 6,000 ብር የሚያገኝ አባል ቢሞት ለባለቤቱ 3,000፣ ለሁለት ትንንሽ ልጆቹ 1,200 1,200፣ ይጦራቸው ለነበሩ እናቱ 900 ብር ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ሲደመር 6,300 ብር ይሆናል፤ የተተኪዎች ድምር ግን ከሟቹ ጡረታ መብለጥ ስለማይችል የሁሉም ድርሻ በመጠኑ ይቀነሳል። ሥራ አጥቶ ቤት የሚውለው የ30 ዓመት ልጃችን ከዚህ ምንም እንደማያገኝ እያንዳንዱ አባት ዛሬውኑ ሊያውቅ ይገባዋል፤ የሚተውለት ነገር ካለ በሌላ መንገድ ያስብለታል።

የውክልናውም ነገር እንዲሁ ነው። ከመካከላችን ዓይናቸው የደከመና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው አባላት ልጆቻቸውን ወክለው ገንዘቡን ያስወጣሉ። ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል። ልጁ ይህን ሳያውቅ የአባቱን ጡረታ ሁለት ሦስት ወር ቢያወጣ ገንዘቡን መልስ መባሉ አይቀርም፤ ኀዘን ላይ ያለ ቤተሰብ በዕዳ ይያዛል።

ከአንድ አባል ባለቤት (ባሏ በሞት የተለያት)፣ ሞላሌ

ወንድሞቼ፣ በስብሰባችሁ ላይ ሴቶች ብዙም ስለማንናገር በጽሑፍ ማለት ይቀለኛል።

ባለቤቴ ወረቀቶቹን በአንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ በስኳር ፌስታል ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ያኖራቸው ነበር። ከሞተ በኋላ ስከፍታት የጡረታ መታወቂያው፣ የሜዳሊያው ወረቀት፣ የሁለት ልጆቻችን የክርስትና ካርድ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው የጋብቻ ውላችንና ጉርድ ፎቶግራፎቹ ነበሩ። ሁሉም ያለ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቢሮ ስደርስ ግን በጦሩ ማኅደር የአያቱ ስም በአንድ ዓይነት፣ በቀበሌው መታወቂያ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ተገኘ፤ ወደ ጦሩ ሲገባ ገና ልጅ ስለነበረ ያሳደገውን አጎቱን እንደ አያት አስመዝግቦ ኖሯል። የሁለቱ ስም ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን ለማስመስከር ሰባት ወር ተመላለስኩ። የመጀመሪያዎቹ ምስክሮቼ አንደኛው በዕድሜ ደክመው ነበርና ሊመጡ አልቻሉም፤ ሁለተኛው አረፉ። በዚያ ሰባት ወር ውስጥ ሁለት በጎችና ላሚቱ ተሸጡ።

እርሱ ራሱ በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ቢሄድና «ሁለቱም እኔ ነኝ» ብሎ ቢያስተካክለው ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። ስለዚህ በረቂቁ ላይ የስም ማስተካከል ሥራ ከሁሉም ፊት እንዲቀድም፣ ሚስቶችም በዚያው ዕለት አብረው እንዲቀመጡ፣ ሰነዱ የት እንዳለም በዓይናቸው እንዲያዩ እለምናችኋለሁ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። የስሙ ጉዳይ የዕቅዱ የመጀመሪያ ተግባር ሆኖ ተጽፏል። አባላት በየወረዳው ወደምናቋቁመው ጊዜያዊ ጣቢያ ሲመጡ የጡረታ መታወቂያቸውን፣ የቀበሌና የፋይዳ መታወቂያቸውን፣ የባንክ ደብተራቸውን እና የልጆቻቸውን የልደት ማስረጃ ጎን ለጎን ዘርግተው ስሙን ፊደል በፊደል ማነጻጸር አለባቸው።

ከአንድ የመቶ አለቃ፣ ደነባ (ከጦሩ ከወጡ በኋላ በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ያገለገሉ)

ስለ ኑዛዜ ልጨምር። በአገራችን ልማድ ሰው አልጋ ላይ ሲወድቅ የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን ጠርቶ «ይህ ለእገሌ፣ ያ ለእገሊት» ብሎ በቃሉ ይናዘዛል፤ ይህም ለመንፈስ ዕረፍት የሚሰጥ የተከበረ ሥርዓት ነው። ነገር ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቃል ኑዛዜ የሰጠው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው። በሁለት ምስክሮች ፊት ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ይጸናል፤ ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከቆየም ይፈርሳል። ቤትን የሚያህል ንብረት በቃል ተናዞ ማለፍ ለልጆች ክስ ማውረስ ነው።

በጽሑፍ የሚደረገውም ቢሆን ፎርሙ ከጎደለ ዋጋ የለውም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም በዚያው በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። በሬጅስትራርነት ስሠራ በጥሩ እጅ የተጻፈ፣ አራት ምስክሮች የፈረሙበት ኑዛዜ «በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነበበ» የምትል አንዲት መስመር ስለሌለችው ሲፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ። የሟቹ ሴት ልጅ ወረቀቱን ተቀብላ አጥፋ አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥረው እስከ ዛሬ አልረሳሁም። በራሱ እጅ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን መግለጽ፣ ቀን ማኖርና መፈረም አለበት፤ በ7 ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስረከበው ይፈርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ። በጋብቻ ዘመን የተሠራ ቤት በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ነው። ባል በኑዛዜው ሊያዝዝ የሚችለው በራሱ ድርሻ ላይ ብቻ ነው።

ከአንድ ሃምሳ አለቃ፣ ሸዋ ሮቢት

የመቶ አለቃ የጻፉትን በሙሉ እቀበላለሁ፤ አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን። በእኛ አካባቢ ብዙ አባላት ሙስሊሞች መሆናቸው ግን በረቂቁ ላይ አልታየም። ውርሳቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ የሚመርጡ ቤተሰቦች አሉ፤ በሸሪዓው ደግሞ ኑዛዜ ከሀብቱ ከሲሶ አይበልጥም፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ አይደረግም። አባላት ኑዛዜ ከመጻፋቸው በፊት ከቃዲ ጋር እንዲማከሩ አንድ አንቀጽ ይጨመር።

ከአንድ አሥር አለቃ፣ እነዋሪ

ለመጻፍ ብዙ ቀን አመነታሁ፤ ዕቅዱ ለእውነተኛው ኑሯችን የሚሆን ከሆነ ግን መናገር አለብኝ። እኛ በየጦር ሰፈሩ ዘመናችንን ያሳለፍን ሰዎች ነን። እኔ ጎዴ በነበርኩበት ጊዜ የወለድኳት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ባለቤቴ ታውቃለች፣ በየትኛውም ወረቀቴ ላይ ግን የለችም። እኔ ብሞት ይህች ልጅ አባቷ እኔ መሆኔን በፍርድ ቤት ለማስረዳት ከልጆቼ ጋር ልትካሰስ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ከሌሎቹ ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ሆኖም መብቷን የምታገኘው እኔ ቆሜ ሳለሁ አባትነቴን ካረጋገጥኩላት ያለ ጠብ፣ ካላረጋገጥኩላት ግን በጠብ ነው። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለበት እኔ ብቻ አይደለሁም። ማኅበሩ ይህን ዓይነት ጉዳይ በምስጢር የሚቀበልና ወደ ሕግ ባለሙያ የሚመራ አንድ ሰው ይመድብ።

ከሻምበል፣ ደብረ ሲና

አሥር አለቃ፣ ይህን ለመጻፍ ወኔ ይጠይቃልና አከብርዎታለሁ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። በአንጻሩ የአባላት ሰነድ ቅጂ በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጥ የሚለውን የረቂቁን ሐሳብ እቃወማለሁ። የሰው ኑዛዜና የቤተሰብ ምስጢር በአንድ የቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ መከማቸት የለበትም፤ ቁልፉን ዛሬ የያዘው ሰው ነገ ይለወጣል። ዋናው በቤት ይቆይ፣ ኑዛዜው ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይግባ፤ ማኅበሩ የሚይዘው አባሉ ሰነዶቹን ማስተካከሉንና የት እንዳኖራቸው የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ብቻ ይሁን።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

በሻምበል ሐሳብ ብዙዎች በስልክም ስለተስማሙ ረቂቁ በዚሁ ተስተካክሏል። የተሻሻለው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበሩ በየወረዳው በሚያቋቁመው ጊዜያዊ ጣቢያ አባሉና ባለቤቱ በአንድነት ቀርበው በመጀመሪያ የስምና የዕድሜ ልዩነቶችን ያርማሉ፤ ቀጥሎም ጋብቻቸውንና የልጆቻቸውን ልደት ያላስመዘገቡ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እንዲያስመዘግቡ፣ በጡረታ ማኅደሩ የቤተሰብ ሁኔታቸውን እንዲያሳድሱ፣ ኑዛዜ መናዘዝ የሚፈልጉም በሕጉ ፎርም ወይም በሃይማኖታቸው ሥርዓት መሠረት እንዲናዘዙ ማኅበሩ ይረዳቸዋል። የማኅበሩ ተወካይ አባል ሲሞት ቤተሰቡ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብና ለጡረታ ጽሕፈት ቤቱ እንዲያሳውቅ ከሠልስቱ በኋላ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያስታውሳል።»

ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጣቢያው በሚከፈትባቸው ቀናት አንድ የጡረታ ሠራተኛና ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘግብ አንድ የክብር መዝገብ ሹም እንዲመድቡልን ነው። የባንክና የቴሌብር የምስጢር ቁጥር በወረቀት ይጻፍ የሚለው አስተያየት ለስርቆት ስለሚያጋልጥ ተሰርዟል፤ የባንኩ ስምና የሒሳብ ቁጥሩ በመያዣው ውስጥ መኖሩ ይበቃል።

ከአንድ አባል፣ መሐል ሜዳ

ረቂቁን ተቀብያለሁ፤ ሆኖም የመጀመሪያው ጣቢያ ደብረ ብርሃን መሆኑ ለመንዝ አባላት አይሆንም። ከእኛ መካከል ሰማንያ የደፈኑ አሉ፤ በጥር ውርጭ፣ መንገዱም እንደ ልብ በማይሆንበት በዚህ ጊዜ ለአንድ ወረቀት ያን ያህል መንገድ መጓዝ ለእነርሱ ከባድ ነው። ተራው ተገልብጦ ከመሐል ሜዳ ቢጀመር እኔ ቤቴን እለቃለሁ፤ ጠረጴዛና ወንበር አለ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ቅርብ ነው። በገበያ ቀን ይሁን፣ ከየቀበሌው የሚመጡት ያን ቀን በቀላሉ ይደርሳሉ። ትናንት ማታ የራሴን ወረቀቶች ከባለቤቴ ጋር ዘርግተን አየናቸው፤ የታናሿ ልጃችን ስም በጡረታ ማኅደሬ ላይ እንደሌለ ያወቅሁት ያኔ ነው። የመጀመሪያው ተራ ለእኔ ይያዝልኝ።