ዴይሊ ቢዩግል ስለ ስፓይደርማን ያወጣው ዘገባ፦ ጥፋቱ የጀምሰን ነው ወይስ የፓርከር?

የጋዜጣ ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ስፓይደርማን በተወራ ቁጥር ዴይሊ ቢዩግል የተባለው የኒው ዮርክ ልቦለዳዊ ጋዜጣ የመጥፎ ጋዜጠኝነት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ነቀፋው ሁሉ የሚያርፈውም በአሳታሚው በጄ. ጆና ጀምሰን ላይ ነው። ነቀፋው መሠረት የለውም አልልም። ስታን ሊ እና ስቲቭ ዲትኮ እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠሩት ስፓይደርማን በቀጣዩ ዓመት የራሱን የሥዕላዊ ታሪክ (ኮሚክ) መጽሔት ሲያገኝ ጀምሰን በመጀመሪያው እትም ላይ ብቅ ይላል። ጠፈርተኛው ልጁ ጆን የተሳፈረባት መንኮራኩር ከቁጥጥር ውጪ ስትሆን ስፓይደርማን ሕይወቱን ያተርፍለታል፤ አባትየው ግን አደጋውን ያቀነባበረው ጀግና ለመባል የፈለገው ስፓይደርማን ራሱ ነው ብሎ በጋዜጣው ያትማል።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። በቢዩግል የፊት ገጽ ለዓመታት የወጡትን የስፓይደርማን ፎቶግራፎች ያቀረበው ፒተር ፓርከር ነው፤ ፓርከር ደግሞ ስፓይደርማን ራሱ ነው። ካሜራውን በድሩ ከግድግዳ ጋር አጣብቆ፣ በራሱ እንዲያነሣ አስተካክሎ ትግሉን እፊቱ ያካሂዳል፤ ከዚያም በስፍራው እንደ ነበረ ሌላ ሰው ሆኖ ፎቶውን ይሸጣል። አንባቢው ስለዚህ ጭምብል ለባሽ የሚያየው ማስረጃ ከራሱ ከባለ ጉዳዩ እጅ የመጣ መሆኑን አያውቅም፤ አዘጋጁም አያውቅም። እንግዲህ በጋዜጠኝነት ሚዛን የሚከፋው ጥላቻውን በአደባባይ የሚጽፈው አሳታሚ ነው ወይስ ማንነቱን ደብቆ ስለ ራሱ ማስረጃ የሚሸጠው ፎቶ አንሺ?

ፎቶ ክፍል፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ፎቶ እየመረጥሁ የሠራሁ ሰው ነኝና ጥያቄዎ በቀጥታ ይመለከተኛል። አንድ ፎቶ አንሺ ያልተለመደ ምስል ይዞ ሲመጣ አዘጋጁ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ቆመህ ነው ያነሣኸው?» ብሎ ነው። ከመንገዱ በላይ ከፍ ብሎ፣ ሰው ሊቆምበት ከማይችል ግድግዳ ላይ የተነሣ ምስል በየሳምንቱ ከአንድ ወጣት እጅ ሲመጣ ይህ ጥያቄ አለመነሣቱ የመላው ዝግጅት ክፍል ጉድለት ነው። በ2002ቱ የስፓይደርማን ፊልም ላይ ጀምሰን የፓርከርን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያነሣ ካጣጣለ በኋላ ለሁሉም 200 ዶላር እከፍላለሁ ይላል። የሚከራከረው ስለ ዋጋው ነው እንጂ ስለ አነሣሣቸው ትንፍሽ አይልም።

ይህን ካልሁ በኋላ ፍርዴ ከእርስዎ ጋር ነው፤ የፓርከር ጥፋት ከመደበቅም ያልፋል። ገና በ1963፣ ሳንድማን ከተባለው ወንጀለኛ ጋር ከታገለ በኋላ፣ አሸዋ እየበተነ ትግሉን እንደ አዲስ ተውኖ ፎቶ አንሥቷል። የተፈጸመው ነገር እውነት ቢሆንም ምስሉ ሐሰት ነው፤ በሙያችን ደግሞ ይህ ይቅርታ የሌለው ጥፋት ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ በ2010 የወጣው ታሪክ ነው። ጀምሰን በዚያን ጊዜ የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆኖ ባልፈጸመው ነገር ሲከሰስ ፓርከር ነጻ የሚያወጣው ፎቶ ፈብርኮ ያቀርባል። ፎቶው የጠቀመው ጀምሰንን ቢሆንም፣ የተፈበረከ መሆኑን ሲያውቅ ፓርከርን በአደባባይ ያባረረው ጀምሰን ራሱ ነው። በዚያች ዕለት የጋዜጠኝነትን ሕግ ያከበረው ማን እንደ ነበረ ለመናገር አልቸገርም።

የሕግ ተማሪ፦

በሕግ በኩል ያለውን ልጨምር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 በኒው ዮርክ ታይምስና በሱሊቫን ክርክር ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የመንግሥት ባለሥልጣን በስም ማጥፋት ካሣ ለማግኘት ጋዜጣው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ደንታ ሳይሰጠው ማተሙን ማስረዳት አለበት ብሏል፤ በ1967 ደግሞ ይኸው መመዘኛ ባለሥልጣን ላልሆኑ ታዋቂ ሰዎችም ተዘረጋ። ስለዚህ «ስፓይደርማን ለከተማችን አደጋ ነው» የሚለው የጀምሰን ጽሑፍ አስተያየት ስለሆነ አያስከስሰውም፤ «የልጄን መንኮራኩር ያበላሸው እሱ ነው» የሚለው ግን እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ክስ ነው። ጥላቻ ብቻውን በቂ ማስረጃ እንደማይሆንም ልብ ይሏል። ዋናው ነገር ጀምሰን የጻፈውን ያምንበት ነበር ወይ የሚለው ነው። በዚያው በ1964 በወጣው 10ኛው እትም ላይ ደግሞ ጀምሰን ብቻውን ሆኖ፣ ስፓይደርማን ያለ ምንም ዋጋ ነፍሱን ለሰው አሳልፎ የሚሰጥ ሰው መሆኑን፣ እርሱ ግን ገንዘብ ሲያሳድድ የኖረ በመሆኑ እንደሚቀናበት ለራሱ ይናዘዛል። ይህን ቃል አንድ ምሥክር ሰምቶት ቢሆን ኖሮ የከሳሹ ጠበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይፈልግም ነበር።

ክሱ በእርግጥም ቀርቦ ያውቃል። በ2004 ጠበቃ ስለሆነችው ጀግና ስለ ሺ ሃልክ በሚተርከው መጽሔት ላይ ስፓይደርማን ጀምሰንን በስም ማጥፋት ሲከስስ፣ ፎቶዎቹን ያቀረበው ፓርከር በመሆኑ እርሱም ከተከሳሾቹ ጋር ተደረበ፤ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ሰው ሲሆኑ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። የእርስዎን ጥያቄ ከዚህ በላይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ የለም።

የድሮ ደንበኛ፦

ከሦስታችሁም ጋር አልስማማም። ሁላችሁም ጊንጡን፣ ማለትም ስኮርፒዮንን፣ ረስታችኋል። በ1965 በወጣው እትም ጀምሰን ማክ ጋርጋን የተባለውን የግል መርማሪ በገንዘቡ የጊንጥ ኃይል ወዳለው ስኮርፒዮን አስለወጠው፤ ሰውየው አእምሮው ተናግቶ በከተማው ላይ ሲነሣም ቢዩግል የጉዳዩን ምንጭ ሳይነግረን ቀረ። ፓርከር የደበቀው ከፎቶው ጀርባ ያለውን ሰው ነው፤ ጀምሰን የደበቀው ወንጀል ነው፤ ያውም ስለ ሌላው ሰው ወንጀለኛነት በየዕለቱ እየጻፈ። እስከ 1984 ድረስ ዝም ካለ በኋላ ጉዳዩን በጋዜጣው ገልጦ የዋና አዘጋጅነቱን ወንበር ለባልደረባው ለሮቢ ሮበርትሰን የለቀቀውም ሆብጎብሊን የተባለው ወንጀለኛ ምሥጢሩን ይዞ ስላስፈራራው ነው።

ለቢዩግል ክብር የምሰጠው በሮበርትሰን ምክንያት ነው። ከ1967 ጀምሮ አሳታሚው በርዕሰ አንቀጹ የፈለገውን እየጮኸ፣ እርሱ ግን ዘጋቢዎቹ ያዩትን ብቻ እንዲጽፉ ሲታገል እናየዋለን።

የጋዜጣ ወዳጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የስኮርፒዮን ጉዳይ ሚዛኑን እንደሚያከብደው እቀበላለሁ፤ ሆኖም ጀምሰን ተገድዶም ቢሆን ለአንባቢው በራሱ ገጽ ላይ ተናዟል። ፓርከር በ2006 በሲቪል ዋር ታሪክ ጭምብሉን በጋዜጠኞች ፊት ያወለቀው ጀግኖች ማንነታቸውን ለመንግሥት እንዲያስመዘግቡ ስለሚያስገድደው የምዝገባ ሕግ ነው፤ የቢዩግልን አንባቢ ይቅርታ ለመጠየቅ አልነበረም፤ ቀጥሎ በመጣው ታሪክ ደግሞ ያ መገለጥ ከሰው ሁሉ ልብ ተፋቀ።

አንድ ነገር ልጨምርና ሐሳባችሁን ልስማ። በ2002ቱ ፊልም ግሪን ጎብሊን የተባለው የስፓይደርማን ጠላት ጀምሰንን አንቆ ፎቶ አንሺውን እንዲነግረው ሲያስጨንቀው፣ ፓርከር ከአጠገቡ ሳይርቅ ጀምሰን «በፖስታ ነው የሚመጣልኝ» ብሎ ምንጩን ይሸፍናል። በ2017 በወጣው መጽሔት ደግሞ ስፓይደርማን በቃለ መጠይቅ መካከል ጭምብሉን አውልቆ ማንነቱን ለጀምሰን ያሳየዋል፤ ጀምሰንም ዕድሜውን ሙሉ ሲያድነው የኖረውን ዜና ሳያትም ይቀራል። እኔ የመጀመሪያውን ያለ ማመንታት የጋዜጠኛ ሥራ እለዋለሁ። ሁለተኛውን ግን እንዲህ ልለው አልደፍርም፤ ምክንያቱም የተሸፈነው ምንጭ እነዚያን ሁሉ ፎቶዎች ለአንባቢው የሸጠው ሰው ነው። «ፎቶ ክፍል»፣ እርስዎ በጀምሰን ወንበር ቢሆኑ ቢያንስ ስለ ፎቶዎቹ ማረሚያ ያወጡ ነበር?