ውይይት፦ ፈረንሳይ አገር ለሚደረግ ጉባኤ መዘጋጀት (ለፈረንሳይኛ ጥናት ጀማሪ ተመራማሪዎች)

ከማንቸስተር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ሊዮን ላይ በሰኔ መጨረሻ ለሚደረግ ጉባኤ የላክሁት አብስትራክት (የጽሑፉ አጭር መግለጫ) ተቀባይነት አግኝቷል፤ 11 ሳምንት ቀርቶታል። ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ከቪዛው ልጀምር ወይስ ከጽሑፉ? ደግሞስ ለ20 ደቂቃ ስንት ገጽ ይበቃል?

ከፓሪስ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ዛሬውኑ ቪዛውን ጀምሪ። ለሌላው አመልካች የሸንገን መደበኛ የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ውሳኔ ግን ለኢትዮጵያ ዜጎች 45 ቀን ሆኗል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። 45 ቀን ማለት 6 ሳምንት ተኩል ነው። የቀጠሮ ወረፋ ሲጨመርበት 11 ሳምንት ምንም አይተርፈውም። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ስለሚገባ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ አብስትራክቱን የላክሽ ዕለት ሰነድ መሰብሰብ ጀምሪ።

ዋናው ሰነድ የግብዣ ደብዳቤው ነው። አዘጋጆቹ «ፕሮግራሙ ድረ ገጻችን ላይ አለ» ቢሉሽ እንዳትተዪው። የተቋሙ ስም ያለበት፣ የተፈረመ ደብዳቤ ጠይቂ፤ በውስጡ የትውልድ ቀንሽ፣ የፓስፖርት ቁጥርሽ፣ የጽሑፍሽ ርዕስ፣ የጉባኤው ቀናት፣ ሆቴልና ትራንስፖርት ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ስም ላይ ደግሞ የኛ ሰው ብዙ ይሰናከላል። ፈረንሳዮች «ኖም» የሚሉት የቤተሰብ ስም ነው፣ «ፕሬኖም» የራስ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን፣ ደብዳቤው ላይ የአባት ስም፣ ቲኬቱ ላይ የአያት ስም፣ ኢንሹራንሱ ላይ ሁለቱ ተገልብጠው ይገኛሉ። የፓስፖርቱን የመረጃ ገጽ አጠገብሽ አስቀምጪና ፊደል በፊደል ከዚያ ገልብጪ። ለኅትመትም እንዲሁ፤ አንድ አጻጻፍ መርጠሽ ኦርሲድ (የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር መዝገብ) ላይ አስመዝግቢና በእሱው ጽኚ።

ሌላው፦ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የ3 ወር የባንክ መግለጫ፣ ተማሪ መሆንሽን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ፣ ከመመለሻሽ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ። ፈቃድሽ ኢቪዛ (በካርድ ሳይሆን በኢንተርኔት ብቻ ያለ) ከሆነ የማጋሪያ ኮዱን አትመሽ ሂጂ። ፈረንሳይ ሆቴል ለያዘ ሰው በቀን 65 ዩሮ፣ ላልያዘ 120 ዩሮ እንዲታይ ትፈልጋለች። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ዋጋ ከዚያ በላይ ይጨመራል። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ቲኬት አትግዢ።

ከለንደን፦
ወደ ጽሑፉ ልምጣ። በፈረንሳይኛ ረጋ ብሎ ለሚያነብ ሰው 20 ደቂቃ ማለት ከ2,300 እስከ 2,500 ቃል ነው፣ ጥቅሶቹን ጨምሮ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የ8,000 ቃል ምዕራፍ ይዞ በፍጥነት ለማንበብ ሲሞከር ነው። ምዕራፉን ከማሳጠር ከምዕራፉ ውስጥ አንድ ምንባብ መርጦ በእሱ ዙሪያ እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ፊደሉ 14፣ የመስመር ክፍተቱ አንድ ተኩል፣ በገጽ 300 ቃል፣ በወረቀቱ አንድ ወገን ብቻ የታተመ፣ በድምሩ 8 ገጽ። በ4ኛው ገጽ ግርጌ ትልቅ «10» ጻፊ፤ እዚያ ስትደርሺ 10 ደቂቃ መሆን አለበት። በ5ኛውና በ6ኛው ገጽ ላይ ቢዘለሉ ክርክሩን የማያፈርሱ ሁለት አንቀጾችን በእርሳስ ክበቢያቸው። 4ኛውን ገጽ ስትጨርሺ 12 ደቂቃ ሄዶ ከሆነ ከተከበቡት የመጀመሪያውን ዝለዪ። የመደምደሚያው ገጽ አይነካም። ይህን ቀድሞ ያላሰበ ሰው፣ ሰብሳቢው «2 ደቂቃ» ሲለው የሚቆርጠው መደምደሚያውን ነው፤ አድማጩም ክርክሩ ምን እንደነበር ሳያውቅ ይቀራል።

በ«ዶን» እና በ«ለኬል» (የፈረንሳይኛ አያያዥ ቃላት) የተቀጣጠለ ረጅም ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያምራል፣ ጆሮ ላይ ግን ይጠፋል፤ ለሁለት ክፈዪው። በራስሽ ንግግር ውስጥ ፓሴ ሴምፕል (በጽሑፍ ብቻ የሚሠራበትን የኃላፊ ጊዜ ግሥ) አትጠቀሚ፣ ለጥቅሶቹ ተይው። ጥቅሶቹን ስላይድ ላይ አድርጊ። ስላይዱ ፒዲኤፍ ይሁን፣ በፍላሽም በኢሜይልም ያዢው፤ የአዳራሹ ኮምፒውተር ኪቦርድ አዜርቲ (ፊደሎቹ በፈረንሳይ አደራደር የተቀመጡበት) ስለሚሆን የይለፍ ቃል መጻፍ ራሱ ያደናግራል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍሉት ከጉዞ በኋላ ደረሰኝ አይተው ነው። ሆቴሉን በስምሽ የተጻፈ «ፋክቱር» (ዝርዝር ደረሰኝ) ጠይቂ፤ የካርድ ማሽኑ ወረቀት አይበቃም። ከመውጣትሽ በፊት ከአዘጋጆቹ «አቴስታሲዮን ደ ፓርቲሲፓሲዮን» (የተሳትፎ ማረጋገጫ) ተቀበዪ። ከወር በኋላ በኢሜይል ማግኘት ከባድ ነው።

ከዋሽንግተን፦
ከአሜሪካ ለምትሄዱ፦ ኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ላይ ያላችሁ አይ-20 (ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የተማሪ ቅጽ) ላይ ያለው የጉዞ ፊርማ አንድ ዓመት እንዳላለፈው እዩ። የቪዛው ስቲከር ጊዜው ካለፈ ወይም ለአንድ መግቢያ ብቻ ተሰጥቶ ከተጠቀማችሁበት፣ ፈረንሳይ ብትገቡም መመለሱ አዲስ ቪዛ ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በፓሪስ ወይም በፍራንክፈርት በኩል ወደ ሌላ አገር ጉባኤ የሚያልፍም ይጠንቀቅ፤ ኢትዮጵያ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ጸንቶ ያለ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ነፃ ነው።

ከማንቸስተር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለሚቀጥለው የት ልላክ? ጥሪዎቹስ የት ይገኛሉ?

ከፓሪስ፦
የፈረንሳዮቹ ጥሪ ፋቡላ (የሥነ ጽሑፍ ጥናት ድረ ገጽ) ላይ ይወጣል፣ «አፔል አ ኮሚኒካሲዮን» (የጽሑፍ አቅራቢዎች ጥሪ) በሚል። ለጀማሪ ከትልቁ «ኮሎክ» (ጉባኤ) ይልቅ የአንድ ቀኑ «ዡርኔ ዴቱድ» (የጥናት ቀን) ይሻላል እላለሁ፦ ተናጋሪው ጥቂት ነው፣ ውይይቱ ይረዝማል፣ የተናጋሪዎቹንም ማደሪያ ብዙ ጊዜ አዘጋጁ ይሸፍናል። በብሪታንያ ሶሳይቲ ፎር ፍሬንች ስተዲስ (የፈረንሳይኛ ጥናት ማኅበር) በጁን መጨረሻና በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ በየዓመቱ ጉባኤ አለው።

አማርኛ ማንበብሽንም አብስትራክቱ ላይ ጻፊው። ስለ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ የሐረር ዓመታት፣ ወይም በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ስለደረሰው የጂቡቲ ባቡር የሚጽፉ ብዙዎች የፈረንሳይኛውን ወገን ብቻ ነው የሚያነቡት።

በጥያቄ ሰዓት «ቩ» (የፈረንሳይኛው «እርስዎ») በዪ፤ «እርስዎ» ለምንልበት ሰው አፋችን ስለለመደ አይከብድም። ጠያቂው ሦስት ነገር አከታትሎ ከተናገረ ጻፊና አንዱን መርጠሽ መልሺ።

ከለንደን፦
አንድ ነገር ረስተናል፤ ጊዜው የሰኔ ጾም ነው። የምዝገባው ቅጽ ላይ «ቬዤታርየን» (ሥጋ የማይበላ) ብትዪ አይብና እንቁላል ያለበት ኪሽ ነው የሚመጣልሽ። «ቬዤታልየን» (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ) በዪ፤ ከጎኑም «ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል» ብለሽ በፈረንሳይኛ ጨምሪበት። የእራቱ ምግብ ቤት ቀድሞ ስለሚያዘጋጅ እዚያ ደርሶ መንገር አይጠቅምም።